ከኦቦ ሙሜ ደጋን የፈታሁት ጅማት

ይህን ለእናቴ አልነገርኳትም። በየዓመቱ ንስሐ ስገባም ለነፍስ አባቴ ዘልዬዋለሁ። ጾም መሻሬን ተናዝዣለሁ፤ ምቀኝነቴን ተናዝዣለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ ግን አንገቴን እደፋለሁ፤ እሳቸውም ዓይን አፋርነት ይመስላቸዋል። ዛሬ እናንተ ስሙኝ።

አባቴ ጸሐፊ ሆኖ አሰበ ተፈሪ ሲመደብ፣ ጎረቤታችን ኦቦ ሙሜ የሚባሉ ደጋን ሠሪ ሽማግሌ ነበሩ። እሸት ሲደርስ ዝንጀሮ የሚያባርሩ ገበሬዎች ከሂርናም ከቦኬም ወደ እሳቸው ይመጣሉ። ልጅ ሳለሁ አጥር ሥር ተቀምጬ ሲሠሩ አይ ነበር። ጅማት መወጠርና መቋጠር ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመቴን ጨርሼ ለክረምት ስመለስ፣ ጀማል የሚባል የቦኬ ገበሬ አዲስ ደጋን ሊያዝ መጣ። የግራ እጁ አንጓ ቀድሞ ተሰብሮ የተጠገነ ነው።

"ኦቦ ሙሜ፣ የድሮው ደጋኔ በለቀቅኩት ቁጥር እጄ ላይ እንደ በቅሎ ይራገጥብኛል" አለ። "ዝንጀሮው ቆሞ ይስቃል፣ እኔ እወድቃለሁ!"

"ወላሂ፣ ይሄኛው አይራገጥም" አሉት።

ሁለት ሳምንት ለፉበት። የደጋኑን ጫፎች እየላጉ አቀለሉ፤ ከበድ ያለ ፍላጻ መረጡ፤ የበሬ ጅማት ወፈር አድርገው ገመዱ። ፍላጻው ይዞት ያልሄደው ኃይል ወደ እጅ ይመለሳል፣ ወፍራም ጅማት ግን ጥቂቱን ለራሱ ያስቀራል አሉኝ። እኔ በልቤ ናቅኋቸው። ፊዚክስ ተምሬ የለ? ክር በቀለለ ቁጥር ፍላጻ እንደሚፈጥን አውቅ የለ? አንድ ዓመት የተማርኩት እኔ!

ጀማል በሚመጣበት የገበያ ቀን ኦቦ ሙሜ ሂርና ለቅሶ ነበረባቸው። "እንቺ፣ አንቺ ስጪው። የዩኒቨርሲቲ ዘበኛ ቀጥሬያለሁ" ብለው እየሳቁ ደጋኑን አስረከቡኝ። እንደሄዱ ጅማቱን ፈታሁ። እኔ ፈታሁት። ቤታችን ከድሬዳዋ የመጣ ቀጭን የናይለን ክር ነበረን፤ እሱን ወጠርኩበት። ጀማል ሲመጣ አንገቴን ደፍቼ ሰጠሁት፤ ምንም አልነገርኩትም። ለምን? ደጋኑ እስኪመሰገን ቆይቼ "እኔ ነኝ" ልል ነበር። ለምስጋናው ተዘጋጅቼ ነበር።

በሳምንቱ፣ ቀጭኑ ናይለን ጫፉ ላይ ለወፍራም ጅማት መያዣ የተቆረጠውን የደጋኑን አፍ እንደ ምላጭ በልቶ ሰነጠቀው። ጀማል ስቦ እንደያዘው ጫፉ ተሰብሮ ተፈናጠረ። ቀኝ ዓይኑን አጠፋው።

ሽማግሌዎች ኦቦ ሙሜ ግቢ ተሰበሰቡ። እኔ ውሃ እንዳቀርብ ተላክሁ። የተሰበረው ደጋን መሀል ተጋድሟል፤ ናይለኑ ተንጠልጥሎበታል። ጀማል ዓይኑ በጨርቅ ታስሮ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

"ይሄን ክር ማን አሰረው?"

ኦቦ ሙሜ ክሩን አነሱት። ቋጠሮውን አዩት፤ ራሳቸው ያስተማሩኝን ቋጠሮ። ከዚያ እኔን አዩኝ። ጠበቁኝ። አዎ፣ ጠበቁኝ! የውሃውን ጣሳ ይዤ ቆሜ አፌን አልከፈትኩም።

"የኔ እጅ ነው" አሉ።

"በስተርጅና ናይለን አማረህ ሙሜ?" አላቸው አንዱ ሽማግሌ። ሁለተኛ ደጋን እንዳይሠሩ አስማሏቸው፤ የሚልጉበትን ቢላዋ ወሰዱባቸው። ጣሳዎቹን ሰብስቤ ስወጣ ከኋላዬ "ምን ያለች ጨዋ ልጅ ናት፤ ድምፅዋ እንኳ አይሰማም" ሲሉ ሰማሁ።

በማግስቱ ኦቦ ሙሜ በአጥሩ በኩል "ክሩ ጥሩ ነው፤ ለደጋን ግን አይሆንም" አሉኝ። እስኪሞቱ የዶማ እጀታ ሲጠርቡ ኖሩ። አምና ሲቀበሩ፣ ደጋን ሠሪ ነበሩ ያለ ሰው አልሰማሁም።

ለምን ሸፈኑኝ? የጎረቤት ልጅ ስለሆንኩ? ደጋኑን አምነው የሰጡኝ እሳቸው ስለሆኑ? ብጠይቃቸው ኖሮ ይነግሩኝ ነበር፤ አልጠየቅኩም። ልጅ ነበርኩ አልልም፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ዓይን አፋር ነኝም አልልም፤ ጅማቱን ስፈታ አላፈርኩም።

ያ ጅማት ዛሬም ሻንጣዬ ውስጥ አለ፤ ደርቆ ተጠማዟል። በመጪው የገበያ ቀን ይዤው ቦኬ እወርዳለሁ። ጀማል ይቅር እንዲለኝ አይደለም። የጠየቀው ጥያቄ ግን መልሱን ሳያገኝ ስድስት ዓመት ሆነው።

ክሩን ያሰርኩት እኔ ነኝ።