ጋሼ ከጋሻው ፊት

ሥዕል ያስተማረኝ የለም፤ ራሴን በራሴ ነው ያስተማርኩት። ያም ሆኖ ካሌዶኒያን ሮድ ላይ በሦስት ምግብ ቤቶች ግድግዳ የተሰቀለው የእኔ ሥራ ነው። ለንደን ውስጥ ስለ ቀለም የሚጠየቅ አበሻ ካለ እኔ ታደሰ ነኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ከዊልስደን የተነሣሁት የሟቹ ጓደኛዬ ልጅ ሄለን ጠርታኝ ነው። ከሰሜን አውስትራሊያ የዝናብ ደን ነባር ሕዝቦች የተወለደች ሠዓሊ፣ ከአያቶቿ ጋሻ በመነሣት የሠራቻቸውን ሥዕሎች ከወንዙ ማዶ በአንድ ጋለሪ ታሳያለች። ሄለን የራሷን ሥዕል ልታሳያት ፈለገች። "ብቻዬን እፈራለሁ፤ አጠገቤ ይቁሙልኝ" አለችኝ።

ባቡር ውስጥ

ከዌምብሊ ተሳፍራ ቦታ ይዛልኛለች። በአንሶላ የጠቀለለችውን ሥዕል ጉልበቷ ላይ አቅፋለች።

"ጋሼ፣ ፕሊዝ፣ የማወራው እኔ ነኝ። ኦኬ?"

"አንቺ ደግሞ! ዝም ብለሽ ተከተይኝ።"

ሳቀች። የቀለድኩ መስሏት ነው።

ጋለሪው

ጋሻው መስታወት ውስጥ ቆሟል። ቁመቱ እስከ ደረቴ ይደርሳል፤ ከዛፍ ሥር የተጠረበ ነው፤ እንደ ባቄላ ፍሬ ጎበጥ ብሎ መሃሉ ያበጠ። ቀይና ቢጫ አፈር፣ ነጭ ሸክላ፣ ጥቁር ከሰል ተቀብቷል። ግድግዳው ላይ ደግሞ ያው መስመር በሠዓሊዋ ሸራዎች ላይ ሰፍቶ እንደ ወንዝ ይፈሳል።

ሠዓሊዋ፣ ፀጉሯ የሸበተ ሴት፣ ወደ እኛ መጣች። ሄለን አንሶላውን ገለጠች። ቀይና ቢጫ መስመሮች ናቸው፤ እንደ መጋዝ ጥርስ የተደረደሩ።

"በእኛ ዘንድ የጋሻ ንድፍ ባለቤት አለው" አለች ሠዓሊዋ። "የዚህ ባለቤት ማን ነው?"

ሄለን አፏን ሳትከፍት ቀደምኳት። "እኔ ነኝ ያስተማርኳት። ንድፉም የእኔ ነው።"

"ጋሼ!" አለች ሄለን።

"ታዲያ ምን ማለት ነው?" ጠየቀችኝ ሠዓሊዋ። ስለ ተራራና ስለ ወንዝ ቀባጠርኩ።

"የአባቴ ጋቢ ጥለት ነው" አለች ሄለን በቀስታ። "ሆስፒታል ተኝቶ የለበሰው።"

በሞተ ዕለት ያንን ጋቢ ያጣጠፍኩት እኔ ነበርኩ። አላወቅሁትም።

ሠዓሊዋ እኔን ትታ "ቅድም ምን ብለሽ ጠራሽው?" አለቻት።

"ጋሼ። ጋሻዬ እንደማለት ነው።"

ሠዓሊዋ ጋሻውን አየች፤ ቀጥላ እኔን። ፊቴ እስከ ጆሮዬ ጋለ። ከዚያ ሄለንን "ነገ ተመለሺ፣ በደንብ እናወራለን" አለቻት። "ብቻሽን።"

መመለሻ

"ይቅርታ አድርጊልኝ" አልኳት ባቡር ውስጥ።

"ኢትስ ፋይን፣ አቶ ታደሰ።"

አቶ! አፏን ከፈታች ጀምሮ ጋሼ ስትለኝ ነበር።

ዊልስደን ስንደርስ አልወረድኩም። ዌምብሊ ዝናብ ይዘንባል። የዚያን ቀን የቻልኩት እንግዲህ ይህ ነው፤ ኮቴን አውልቄ ሥዕሉን አለበስኩት። አንዲት ጠብታ ሳትነካው በሯ ድረስ ተሸከምኩት። መንገዱን ሙሉ ስለ ራሴ አልተናገርኩም።

በማግስቱም ቤቴ ዋልኩ።