ሐምራዊው ገበር

ኤርሲሊያ የካፖርቱን ገበር የመጨረሻ ስፌት ስትቋጥር መርፌው አምልጧት ሁለት ጊዜ ጣቷን ወጋት። ክሩን በጥርሷ በጥሳ እጅጌውን በመዳፏ ዳበሰችው። ከሠላሳ ዓመት በላይ በሮም የፊልም ልብስ ሰፍታለች። «ጥሩ ገበር የሚያውቀው መዳፍ እንጂ ዓይን አይደለም» ትል ነበር።

ካፖርቱ የኦታቪዮ ቤላርዲ ነው። ኦታቪዮን ያወቀችው ፎቶው በየግድግዳው ሳይለጠፍ፣ በፊልም ውስጥ ከሕዝብ መሀል የሚቆም ቀጭን የባቡር ሠራተኛ ልጅ ሳለ ነው። አንድ ቀን ያለችው አንዲት ሱሪ ተቀደደችበትና እሷ እስክትሰፋለት መጋረጃ ተጠቅልሎ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። በፊልም ውስጥ የመጀመሪያዋን ቃል የተናገረው ያን ዕለት ነው። ከዚያ በኋላ ዝናው አገር ሞላ። ልኬቱን ግን ከእሷ በቀር ማንም አይወስድም። በሰው ፊት «እርስዎ» ትለዋለች፤ በስፌት ክፍሉ «አንተ»።

አሁን ሦስት ፊልም በተከታታይ ወድቆበታል። ይኸኛው ካልቀናው ዳግመኛ የሚጠራው እንደሌለ ሁለቱም ያውቃሉ። ዛሬ የቀረጻው የመጀመሪያ ቀን ነው።

ካፖርቱ ተወስዶ ብዙም ሳይቆይ ልብስ ተኳሿ ፌርናንዳ ከወለሉ ላይ ቁራጭ ገበር አንስታ ወደ መስኮቱ ያዘችው።

«እትዬ ኤርሲሊያ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ገበር ነዋ። ጥቁር ሰማያዊ።»

«የምን ሰማያዊ! ሐምራዊ ነው እንጂ! እመቤቴ ድረሺ!»

ክፉውን ለመመለስ ብረት ልንካ ብላ እጇን ብትሰድ ያገኘችው የጋለ ካውያ ነበር። ጩኸቷ ኮሪደሩን አናወጠው።

ኤርሲሊያ ቁራጩን አንስታ ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። ድሮ በዐቢይ ጾም ካህናቱ ሐምራዊ ሲለብሱ ቲያትር ቤቱ ይዘጋል፤ ተዋናዩም ጦሙን ያድራል። ስለዚህ ያን ቀለም ወደ ትርኢት ያስገባ የሰው እንጀራ ይዘጋል ይባላል። እሷ ደግሞ በመብራት የደከመ ዓይኗን አምና በኦታቪዮ ጀርባ ላይ ሰፋችው!

«ሌላ ገዝቼ በምሳ ሰዓት እቀይረዋለሁ» አለችና ዘንቢሏን አንጠልጥላ ወጣች።

መንገዷ በቀረጻው አዳራሽ ደጃፍ ነበር። በሩ ገርበብ ብሏል። ኦታቪዮ የተጣላችው ልጁ ስታገባ ከሩቅ የሚያይ አባት ሆኖ ቆሟል። ካፖርቱን ቀስ ብሎ አወለቀ፤ ገበሩን ወደ ውጭ አጥፎ በክንዱ ያዘው። ኤርሲሊያ አፏን በእጇ ከደነች። እሱ ግን ገበሩን በአውራ ጣቱ እያሻሸ ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ሳያልቅ ዓይኑ እንባ ሞላ። ገበሩን ያየ ሰው የለም፤ ሁሉም የሚያየው ፊቱን ነበር።

«በቃ!» ብሎ ጮኸ ዳይሬክተሩ። «ይሄ አይደገምም!» ሠራተኞቹ አጨበጨቡ።

ኦታቪዮ ብቻውን ሲወጣ ደጃፉ ላይ አገኛት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ዘንቢል ይዘሽ ወዴት ነው?»

«ኦታቪዮ፣ ጉድ ሠርቼሃለሁ። ገበሩ...»

«ሐምራዊ ነው። ጠዋት እጄን ስከት አየሁት።»

«አይተህ ለበስከው?»

«ሦስቱን ፊልም ዕድል ያመጣል የሚባለውን ቀይ ቀንድ በኪሴ ይዤ ብረት ስነካካ ከርሜ ምን አተረፍኩ? ሱሪዬንስ ረሳሻት? ጥቁሯን ሱሪ በቡኒ ክር ሰፍተሽ አይደል የለቀቅሽኝ! እንጀራዬ የተከፈተው በዚያች ነው።»

«ውሸታም! ክሩ ጥቁር ነበር!»

«ቡኒ! እናቴ እስክትሞት ስትስቅብኝ ኖራለች።»

ኤርሲሊያ ሳቅና ልቅሶ ተቀላቀለባት። በግድግዳው ተደግፋ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች።

«ብቻ ለዳይሬክተሩ እንዳትነግሪው» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ካፖርቱንም እኔንም አብሮ ያቃጥለናል።»

ወደ ስፌት ክፍሉ ተመልሳ ዘንቢሏን ሚስማሩ ላይ ሰቀለች፤ የፌርናንዳን ጣት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነከረችላት። ከዚያ ዳቦዋን ከነጎመኑ አውጥታ በላች። ጥቁር ሰማያዊውን ገበር ግን ያን ቀንም ሆነ በማግስቱ ሄዳ አልገዛችም።