የድንጋይ ከሰልና የአራት ዓመት ቆጮ

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። እኔ ከጎጃም ተመድቤ ቡታጅራ አጠገብ፣ መስቃን ውስጥ ባለ ትምህርት ቤት ሳይንስ የማስተምር ጎረምሳ ነበርኩ። እንሰትን «ኮባ» እያልኩ ልጆቹን አስቃለሁ። አፌ ግን አያርፍም። ከማውቀው ይልቅ የማላውቀውን አብዝቼ የማወራ ሰው ነበርኩ፤ አሁንም ብዙ አልተሻለኝም።

ሚያዝያ ላይ ነዳጅ እንዴት እንደተፈጠረ የሚናገረው ምዕራፍ ደረሰን። ጥንት ረግረግ ውስጥ የበቀለ ዛፍ ይወድቃል፣ ጭቃ ይጫነዋል፣ አየር ያጣል፤ ከዚያ ሙቀቱና ክብደቱ በብዙ ሚሊዮን ዓመት የድንጋይ ከሰል ያደርገዋል አልኳቸው። ናፍጣና ላምባ ደግሞ ባሕር ወለል ላይ ተቀብረው ከቀሩ ጥቃቅን ሕያዋን ነው የመጡት፤ የሁሉም ዋና ነገራቸው ካርቦን ነው። ክፍሉ ጭጭ አለ። አንዱ ብቻ «ቲቸር፣ አይሱዙ የሚጠጣው የዓሣ ዘመድ ነው?» ብሎ አሳቀን።

ዝምታው አበሸቀኝ። ከሰሉን አምጥቼ እንዳላሳያቸው ከየት አባቴ ላምጣው? በመስኮት የጎረቤት እንሰት ሲታየኝ ዘለልኩ። «እናቶቻችሁ ቆጮ ሲቀብሩ ምን ያደርጋሉ? ጉድጓዱን በቅጠል ያለብሳሉ፣ ይረግጣሉ፣ ድንጋይ ይጭናሉ። አየር የለም! ነገሩ አንድ ባይሆንም ያው ይመስላል!» አልኩ። እውነቴን ነው፣ ጥሩ ምሳሌ ነበር። እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት! «ነገ ከየጉድጓዳችሁ ቁንጣሪ አምጡ፤ የቆየውን ከአዲሱ እናስተያያለን» ብዬ የቤት ሥራ ሰጠሁ።

በማግስቱ ሁሉም ባዶ እጃቸውን መጡ። የክፍሉ አንደኛ የሆነችው ልጅ ብቻ በቅጠል የጠቀለለችውን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረች። «የአራት ዓመት ነው» አለች ኮራ ብላ። አጨበጨብንላት።

ርእሰ መምህሩ የአገሩ ሰው ነው፤ ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ። «አንተ ሰውዬ፣ አብደሃል? እኔ ይኸው ሸብቼ የእናቴን ጉድጓድ ነክቼ አላውቅም! የቀበረችው ሴት ናት የምትከፍተው፤ አከዳደኑን የምታውቀውም እሷ ናት» አለኝ። እኔም ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ «ቁንጣሪ ቆጮ ምን ያመጣል?» አልኩት።

ያመጣውን በግንቦት አየሁት። ልጅቷ ጉድጓዱን የከፈተችው እናቷ እንሴኖ ገበያ በሄደችበት ነበር። ቅጠሉን ስትመልስ ደህና አድርጋ አልደራረበችም፤ ድንጋዩም ከብዷት ግማሹን ተወችው። ፈርታ ለእናቷ አልተናገረችም። የበልጉ ዝናብ እስከ ሥሩ ወረደበት። እናትየዋ ለክረምት ብላ ስትከፍተው ቆጮው ጠቁሮና ተልቶ ጠበቃት። ባሏ ሞቶባታል፤ ሌላ ጉድጓድ የላትም።

ወሬው ሲደርሰኝ ቤቷ ሄድኩ። «አሰላሙ አለይኩም» ብዬ ገብቼ እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ያዘችኝ።

«ተው ልጄ፣ አንተ አገር ቆጮ የለም። አታውቅም» አለችኝ።

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ደመወዝ ስቀበል እህል አመጣለሁ አልኳት።

«አላህ ይስጥህ። ያንተ ለጥቂት ቀን ነው። ያ ግን ክረምቱን ሁሉ ያሳልፈን ነበር።»

ከዚያ፣ ፈተናው እንዳለቀ ልጅቷን አዲስ አበባ ሰው ቤት ልትሠራ እንደምትልካት ነገረችኝ። ልትመለስ ትችላለች ወይ ብዬ ለመጠየቅ አፌ አልታዘዝልህ አለኝ፤ ያ ሁሉ አፍ! ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ እግሯን ታያለች።

የሰኔን ፈተና ያወጣሁት እኔ ነኝ። ያን ምዕራፍ ልዝለለው ብዬ ነበር፣ ግን የዓመቱ ዋና ትምህርት ነው፣ እንዴት ይዘለላል? «የድንጋይ ከሰል እንዲፈጠር የሚያስፈልጉትን አራት ነገሮች ጻፉ» ብዬ ጠየቅኩ። የእሷን ወረቀት መጨረሻ አስቀርቼ አረምኩት። የተቀበሩ ዕፅዋት፣ የአየር አለመኖር፣ ሙቀትና ክብደት፣ ረጅም ጊዜ። አራቱም ልክ ናቸው። ከሥር፣ በዚያው በሚያምር ጽሕፈቷ፣ ያልጠየቅኳትን አምስተኛ ጨምራለች፦ «ሳይደርስ የሚከፍተው ሰው አለመኖር።»

 በቀዩ እስክሪብቶ ልክ ነው ብዬ ምልክት አደረግኩበት።