የራሴን የስንብት ደብዳቤ ስተይብ

ከጅማ የወጣሁት ጠዋት ነው፤ ሰው ሁሉ እያየኝ። ለእናቴ "ወደ ሸቤ ተዛውሬአለሁ" አልኳት። የዝውውር ደብዳቤው እውነት ነበር፤ የተሳፈርኩት ግን በበደሌ አድርጎ ወደ መቱ በሚሄደው አውቶቡስ ነው። እናቴ በመስኮቱ ለስንቅ ጭኮ አቀበለችኝ። እጇን ለቀቅሁ። "ያቺ ልጅ ሥራ እያላት ምን አስኮበለላት?" ስትሉ እንደከረማችሁ ሰምቻለሁና ልንገራችሁ።

በአንድ የመንግሥት የቡና መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ጴንጤ መሆኔን ሁሉም ያውቃል። ሰኞ ሰኞ ሠራተኛው ግቢ ውስጥ ተሰልፎ ግራ እጁን እያነሳ "አብዮቱ ከሁሉም በላይ!" ሲል እኔ ዝም እላለሁ። ለእኔ ከሁሉም በላይ ያለው እግዚአብሔር ነው፤ ሌላ ማለት አቃተኝ።

አንድ ማክሰኞ ኃላፊው በእጅ የተጻፈ ረቂቅ ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አድርጎ "ቶሎ ይፈለጋል" አለኝ። መተየብ ጀመርኩ። ሁለተኛው መስመር ላይ ስሜን አገኘሁት፤ "ወይዘሪት አስቴር ሥራቸውን በብቃት ባለመወጣታቸው ተሰናብተዋል" ይላል። ሌላ ታይፒስት የለ፣ ምን ላድርግ? እንደ ደንቡ ቅጂ እንዲወጣለት በሁለት ካርቦን ተየብኩት።

ፍርድ ቤቱ አጠገብ አባ ፎጊ የሚባሉ ሽማግሌ ጠረጴዛ ዘርግተው ማመልከቻ ይጽፉ ነበር። የቀድሞ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናቸው፣ ሶላት የማያልፋቸው ሙስሊም። ጴንጤ መሆኔን ሲሰሙ ያባርሩኛል ብዬ እየፈራሁ ደብዳቤውን ይዤ ሄድኩና የመፈክሩን ነገር አጫወትኳቸው።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ መፈክሩን ለምንድነው የማትይው? ለክርክር አይደለም፣ ማወቅ ፈልጌ ነው።"

ነገርኳቸው። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙኝና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ሱብሃነላህ! እኔ በልቤ ሌላ እያልኩ በአፌ እላታለሁ። አንቺ በአፍሽም አቃተሽ?"

"ታዲያ በእምነቴ ነው ያባረሩኝ ብለው ይጻፉልኝ።"

"የለም። ስለ ፈጣሪ አንድ ቃል አንጽፍም። እሱ ጠበቃ አያስፈልገውም። እነሱ ብቃት ብለዋል፣ እኛም ስለ ብቃት እንጠይቃለን።" ደብዳቤውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። "ንጹሕ ሥራ ነው። ማን ተየበው?"

"እኔ ነኝ።"

መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

ማመልከቻው ሠራተኛ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ደርሶ በተጠራን ቀን አባ ፎጊ አብረውኝ ገቡ። ጉዳዩን የያዘው ጓድ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

"ግራ እጅሽን ያምሻል?"

"አያመኝም።"

"ታዲያ ለምን አይነሳም?"

አነሳሁለት። "ይነሳል፣ ጓድ።"

ኃላፊዬም ተጠርቶ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። አባ ፎጊ ደብዳቤውን ዘረጉለት። "ጓድ ኃላፊ፣ እዚህ ላይ ስሕተት አለ?"

"የለም።"

"የተየበው ማን ነው?"

ኃላፊዬ ጣራውን አየ። ጓዱ ሳቁ አምልጦት ሳል አስመሰለው። ወደ ሥራዬ እንድመለስ ተወሰነ።

ተመለስኩ። ወር ሳይሞላ ግን ዝውውሩ መጣ፤ ሸቤ፣ መጋዘን ጠባቂ። በዚያው ሳምንት ጊንጆ ሰፈር አንድ ቤት ውስጥ ሲጸልዩ የነበሩ ወዳጆቼ ታሰሩ። ቀበሌውም አባ ፎጊን "ጠረጴዛህን አንሳ" አላቸው። ልሰናበታቸው ብሄድ "ዳግመኛ ብጽፍልሽ ይጎዳሻል" አሉኝ። ስለ ራሳቸው አንድም ቃል አልተናገሩም።

እኔም ሸቤን ትቼ በመቱ በኩል ጋምቤላ ደረስኩ፤ ከዚያ በእግር ሱዳን ገባሁ። ካርቱም ሁለት ዓመት የሰው ቤት ሠራሁ፤ ከዚያ አንድ የእርዳታ ድርጅት ኖርዌይ ላከኝ። ዝናቡ የጅማ ነው፣ መሬቱ ግን አይሸትም። አይባቸው ቡናማ ነው፣ ደግሞም ይጣፍጣል፤ ሳሙና መስሎኝ አንድ ሳምንት አልነካሁትም። ተከራይቼ የገባሁባት ሴትዮ በአስተርጓሚ "ለክረምት ተዘጋጅተሻል?" ብትለኝ "አዎ፣ ጃንጥላ አለኝ" አልኳት። አስተርጓሚው መስኮቱን አሳየኝ፤ በረዶው የበሩን ደረጃ ውጦታል። እኔም "ተክ" አልኩ፤ አመሰግናለሁ ማለት ነው፣ ያኔ የማውቀው ቃል እሱ ብቻ ነበር።

ሥራ ያገኘሁት ሆቴል ውስጥ ነው፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል። አብራኝ የምትሠራው ናስሪን የምትባል ፓኪስታናዊት ናት። የሆቴሉ ኃላፊዎች ሻሿን አውልቂ ሲሏት እንቢ አለች። ወዲያው ደብዳቤ ተሰጣት፤ "ከባልደረቦቿ ጋር መግባባት አልቻለችም" ይላል። በዚያ ክፍል ያለነው ሁለት ብቻ ነን! ሐሙስ ሐሙስ በነፃ የሚያማክሩ የሕግ ባለሙያዎች እንዳሉ ሰምቼ ይዣት ሄድኩ። ወጣቷ ጠበቃ አንብባ ቀና አለች።

"ባልደረባዋ ማን ነው?"

"እኔ።"

"አትግባቡም?"

"ምሳችንን አንድ ላይ ነው የምንበላው።"

እስክሪብቶዋን አነሳች። ጉዳዩ እስካሁን አልተወሰነም።

ባለፈው እሑድ ጅማ ደወልኩ። እህቴ አባ ፎጊንም ይዛ ቴሌ ቢሮ ትጠብቀኝ ነበር። ድምፃቸው ቀጥኗል። ስለ ጠረጴዛው ልጠይቃቸው ፈልጌ ሰው ይሰማል ብዬ ተውኩት። የናስሪንን ነገር አጫወትኳቸው፤ አንድም ነገር ሳያስቀሩ ጠየቁኝ፦ ደብዳቤው ምን ይላል፣ ጠበቃዋ ሴት ናት ወይ፣ ስንት ዓመቷ ነው።

"ልጄ፣ ካሸነፈችስ በኋላ? ይተዉአታል?"

"እኔ እንጃ፣ አባ።"

"እንግዲያው አብረሻት ሁኚ፤ ይተዉአት እንደሆነም አይተሽ ንገሪኝ" አሉ። እህቴ ስልኩን ሳትቀበላቸው የከፈልኩበት ደቂቃ አለቀ።