የመጀመሪያው ገጽ ላይ ማን ይቀመጥ?

ለአንድ ድረ ገጽ ዕቅድ አምስት ጊዜ ተሰበሰብን። ቢሯችን ሽሮ ሜዳ ነው፤ ከውጭ አገር የእንግሊዝኛ መምህራን እየመለመልን በየትምህርት ቤቱ የምንመድብ ትንሽ በጎ አድራጎት ድርጅት ነን። ዕቅዱን የማዘጋጀው እኔ ነበርኩ፤ ስብሰባው ግን ሁሌ የሚያልቀው በሥራ አስኪያጃችን ፎቶ ነው።

"መጀመሪያ የእኔ መልእክት ከነፎቶው፣ ከሥሩ የተመሠረትንበት ታሪክ፣ ከዚያ ሪባን የቆረጥንበት" ይላሉ።

"ጋሼ፣ ገጹን የሚከፍተው እኮ ሊያስተምር የሚፈልግ ሰው ነው። እሱ የሚጠይቀውን እናስቀድም።"

"ምን ይጠይቃል? እኛ እንነግረዋለን እንጂ!"

በአራተኛው ስብሰባ የሒሳብ ሠራተኛችን "ሲከፈት ክራር ቢሰማስ?" አለ። ሁሉም ወደዱለት። ወረቀቴን ቀድጄ ልወጣ ትንሽ ነው የቀረኝ።

በቃ፣ የሚሰማኝ ሳጣ አንዲት መምህርት ጠራሁ። ባለፈው ክረምት የመጣች፣ ሸጎሌ የምታስተምር ናት፤ አማርኛውንም እየለመደችው ነው። በአምስተኛው ስብሰባ አሮጌውን ድረ ገጻችንን ከፈትኩላት። "ከመምጣትሽ በፊት ማወቅ የፈለግሽውን ፈልጊ እስቲ" አልኳት።

የምትኖርበትን ቤት ነበር የፈለገችው። ነካች፤ ታሪካችን መጣ። ነካች፤ ሪባኑ። ነካች፤ የሥራ አስኪያጁ ፎቶ።

"ወደ ታች፣ ወደ ታች..." አሉ ከኋላዋ ቆመው።

"አይንገሯት ጋሼ!" ካሰብኩት በላይ ጮኼ ነበር።

ማውሱን ለቀቀችው። "ያኔም አላገኘሁም" አለች። "ሦስት ጊዜ ጻፍኩ። መልስ የለም። ቤት አለ ብዬ መጣሁ፤ ቤት የለም። ሁለት ሳምንት የርዕሰ መምህሯ ሳሎን ውስጥ ተኛሁ።"

"ማን ነው ያልመለሰላት?" ብለው ጋሼ ዞሩብን። "ደብዳቤ ሁሉ በእኔ በኩል ይለፍ" ያሉት ራሳቸው ናቸው። ቆይቶ ገባቸው መሰል፣ ዝቅ ባለ ድምፅ "ይቅርታ ልጄ" አሏት። ፎቶውም ያለ ክርክር "ስለ እኛ" ወደሚለው ገጽ ሄደ።

አለቀ ብዬ ነበር። በማግስቱ ከመምህርቷ ጋር አዲስ መምህራን የሚጠይቁትን ከነመልሱ ጻፍን፤ ስለ ቤቱ፣ ስለ ክረምቱ፣ ስለ ውሃው። "ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ይመጣል" የሚለውን ጋሼ ሲያዩ ብዕራቸውን መዘዙ።

"ይሄማ የአገር ገጽታ ያበላሻል!"

"ጋሼ፣ ባልዲ ይዤ የቆምኩት እኔ ነኝ" አለች።

ብዕሩ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ሳይሰርዙት ከጎኑ "ታንከር ግን አለን" ብለው ጻፉ።

"አለን እንዴ?" አልኳቸው።

"እናስገባለና!"

እኔም ታንከሩ የመምህራኑ ግቢ ውስጥ ሳይቆም ያቺን የታንከር ዐረፍተ ነገር ድረ ገጹ ላይ አላወጣም አልኩ። በየጠዋቱ እየደወሉ "ወጣ?" ይሉኛል፤ "ታንከሩ ቆመ?" እላቸዋለሁ። ይዘጉብኛል። በስምንተኛው ቀን ቆመ።