ከሦስት መቶ ሜትር በላይ አይታዘዝም

ሃያ ስድስት ዓመት መድኃኒት ቤት የሠራችው ሴት ጡረታ ስትወጣ ቤቷ ቁጭ ብላ ሹራብ ትሠራለች ብለው የጠበቁ ሁሉ አፈሩ። የሟች ባሏን የአደን ዕቃ ሱቅ ከፍታ ባንኮኒው ኋላ ተሰየመች። አዳኞቹ «ሐኪሟ» ይሏታል፤ ለማሾፍ የጀመሩት ስሟ ሆኖ ቀረ። ጥፋቱም የራሷ ነው። ጥይት የምትሸጠው እንደ መድኃኒት ነዋ! የአውሬውን ክብደት ትጠይቃለች፣ ርቀቱን ትጠይቃለች፣ ከዚያ ፓኮው ላይ በእጇ ጽፋ ትለጥፋለች፦ «ለጎሽ። ከመቶ ሜትር በታች።»

አንድ ረቡዕ ጠዋት ታላቅ ወንድሟ የአደን ፈቃዱን እያውለበለበ ገባ። አንድ ትልቅ ወንድ አጋዘን ተፈቅዶለታል። ዘንድሮ ሰባ ስለሚሞላው ከእንግዲህ አይፈቀድለትም። ሕጉም ቀልድ አያውቅም፤ አቁስሎ ቢያመልጠው እንደ ገደለ ይቆጠርበትና ነገሩ በዚያው ያበቃል።

«ያንን ከባዱን ጥይት ስጪኝ» አለ ገና ሳይቀመጥ። «ጓደኛዬ ከስድስት መቶ ሜትር አጋዘን የጣለበትን።»

«ጋሼ፣ ሲጥል አይተኸዋል?»

«ነገረኝ እኮ ነው የምልሽ!»

ሌላ ደንበኛ ቢሆን በሁለት ቃል ትሸኘው ነበር። ይህ ግን አባታቸው ሲሞት ያሳደጋት ሰው ነው። ቆስሎ ጫካ የገባ አጋዘን እያሰበ ቀሪ ዕድሜውን ሲብሰለሰል ታያት። ሱቁን ቆልፋ ወደ ተኩስ መለማመጃው ሜዳ ይዛው ሄደች።

ውሃ የጠጣ የአሮጌ ጋዜጣ እስር ስድስት መቶ ሜትር ላይ አቆሙ። ጋሼ ተኝቶ ተኮሰ፤ ሳተ። ነፋሱን ረገመ። ሁለተኛውንም ሳተ፤ የጠመንጃውን መነጽር ሠሪ ረገመ። ሦስተኛውን ሲስት የሚረግመው አጣ። በአራተኛው መታና «እሰይ!» ብሎ ዘሎ ሲነሣ ወገቡ ያዘው።

ሄደው አዩት። አረሩ የገባበትም የወጣበትም ቀዳዳ እኩል ጠባብ ነው።

«አየህ? እዚህ ሲደርስ ደክሟል። የአረሩ ልባስ ወፍራም ነው፤ ፍጥነት ከሌለው ጫፉ አይከፈትም። እንደ ወስፌ በስቶ ያልፋል፣ አጋዘኑም ቁስሉን ይዞ ይሄዳል።»

«ከሩቅ የሚከፈት የለም?»

«አለ፣ ልባሱ ስስ የሆነ። ግን ከአራት አንዱን ነው የመታኸው፣ ጋሼ። ለእሱ የሚሆን አረር ገና አልተሠራም።»

አኮረፈ። ከልጅነቷ የምታውቀው ኩርፊያ ነው። እሷም ደንታ ሳይሰጣት እስሩን ሁለት መቶ ሃምሳ ሜትር ላይ አምጥታ በዚያው ከባድ ጥይት አስተኮሰችው። በመጀመሪያው መታ። ከጋዜጣው መሃል ያወጣችው አረር እንደ እንጉዳይ ተከፍቷል። ጋሼ ተቀብሎ አገላብጦ አገላብጦ አየው።

«ስድስት መቶ ላይ ባገኘውስ?» አለ በለሰለሰ ድምፅ።

«ትጠጋለሃ! እግር የለህም እንዴ?» ፓኮው ላይም «ከሦስት መቶ ሜትር በላይ አይታዘዝም» ብላ ጻፈችለት።

ለአደኑ ጫካ ገብቶ አራት ቀን ስልኩን አላነሣም። እሷም ልቧ ከእሱ ጋር ስለሄደ የጫማ ማሰሪያ ለጠየቃት ሰው የውሻ ማሰሪያ ሰጠች።

በአምስተኛው ቀን ጉልበቱ የተቀደደ ሱሪ እንደለበሰ ከዚያ ከባለ ስድስት መቶው ጓደኛው ጋር ገባ። በአንድ ጥይት ጥሎታል፤ አጋዘኑ አንድ እርምጃ እንኳ አልሄደም። ደስታዋን መደበቅ አቅቷት አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

«ከስንት ሜትር?» አለ ጓደኛው።

«ከሁለት መቶ አርባ!» አለ ጋሼ ደረቱን ነፍቶ። «በደረቴ ተስቤ፣ ሽፋሽፍቱን እያየሁ!»

ለጎረቤት ሱቆች ሊያወራ እየተጣደፈ ወጣ። ጓደኛው ግን ቀረ። ባንኮኒው ላይ ያሉትን ፓኮዎች አንድ በአንድ አነሣ፣ መልሶ አስቀመጠ። በሩን አየ።

«የእኔው፣ ያ የስድስት መቶው... ወድቋል፣ እውነቴን ነው» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከዚያ ተነሥቶ ሄደ። ሁለት ቀን ፈለግሁት፣ እህቴ።»