ትምባሆ የጠጣችው ጽጌረዳ

ጅቡቲ፣ ካርቲየ 4 በሚባለው ሰፈር ስንኖር በደጃችን ላይ አንዲት ሰሌዳ ነበረች። አሮጌ የሣጥን ክዳን ናት፤ «ትምባሆ የሚጠጣ ከዚህ ደጅ አይለፍ» ብዬ በጥቁር ቀለም የጻፍኩባት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ማጨስን መጠጣት እንለው ነበር። ትምባሆ የክርስቲያን ነገር አይደለም ብዬ አምን ነበር፤ ዛሬም አምናለሁ።

የኔታ ዘንድ ተቀምጬ አልተማርኩም። ቀን በባቡር ጣቢያ ዕቃ ስመዝን ውዬ፣ ሲመሽ አንድ አሮጌ ዳዊት ላይ እያፈጠጥኩ ነው ፊደል የለየሁት። ባለቤቴንም ያስተማርኳት እኔ ነኝ። እሷ ግን የጸሎቱን «ጸ» ከፀሐዩ «ፀ» እያምታታች ትጽፋለች። እኔም ሳላርም አላልፍም። ፊደል የናቀ ሰው ነገ ትእዛዝ ይንቃል ስላት፣ ሁለቱ ሲጠሩ አንድ ከሆኑ ምን አጣላቸው ብላ ትስቃለች።

አንድ ዓመት በበጋ ንዳድ ጣለኝ። አልጋ ላይ ስቃዥ ባለቤቴ ለማርያም ተሳለች። ባሌን ብታስነሺልኝ በወርኃ ጽጌ፣ ማኅበርሽ በቤቴ ሲወጣ፣ በእጄ ያበቀልኳትን ጽጌረዳ በሥዕልሽ ፊት አኖራለሁ አለች። እኔ ተነሣሁ። እሷም ከድሬዳዋ በባቡር የጽጌረዳ ቁርጥራጮች አስመጥታ በጋዝ ቆርቆሮ ተከለች። በጅቡቲ ምድር ጽጌረዳ ማብቀል ቀልድ አይደለም። ፊታችንን የታጠብንበት ውኃ እንኳ አይደፋም፤ ለእነሱ ነው። ከተተከሉት ሁለቱ ጸደቁ።

ጥቅምት ሲገባ እንቡጥ ያዙ። ወዲያው ጢንዚዛው መጣ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እየጮኸ ይደርሳል፤ ጀርባው እንደ ነሐስ ያብረቀርቃል፤ እንቡጡ ውስጥ ጭንቅላቱን ቀብሮ ይበላል። ባለቤቴ በእጇ እየለቀመች ብትገድል ማግስቱን ሌላው ይተካል።

ይህ የእኔ ጉዳይ ነው አልኩ። በመጀመሪያ የከሰል አመድ ነፋሁባቸው። የባሕሩ ነፋስ አመዱን ለጎረቤት ልብስ አደረሰው። ቀጥዬ በርበሬ በውኃ በጥብጬ ረጨሁ። እሱንም ነፋሱ መልሶ ለዓይኔ ሰጠኝ፤ ልጆቼ አባታቸው ሲያለቅስ ለመጀመሪያ ጊዜ አዩ፣ በጣም ደስ አላቸው። በመጨረሻ የባሕር ውኃ አመጣሁ። ጨው የማይፈራ ፍጥረት የለም ብዬ ነበር። እውነቴን ነው፤ ጽጌረዳዋም ፈራችው። ከሁለቱ አንዷ ደረቀች።

የቀረችው አንዲት ተክል፣ በእሷም ላይ አንዲት ያልተነካች እንቡጥ ናት። ባለቤቴ ከዚያች ቆርቆሮ አጠገብ አልነሣ አለች። ከሱቅ የወረቀት አበባ ልግዛልሽ፣ ያማረ አለ ስላት ቀና ብላ አየችኝ።

«እኔ ወረቀት አልተሳልኩም» አለች። «እርስዎም ከወረቀት በሽታ አልተነሡም።»

መድኃኒቱንስ ከመጀመሪያው አውቀው ነበር። በአገራችን በቅሎ ከምንጭ ውኃ ጋር አልቅት ስትውጥ፣ ትምባሆ ዘፍዝፈው ውኃውን በአፍንጫዋ ያፈሱላታል፤ አልቅቱ ተዝለፍልፎ ይወድቃል። አልቅት የጣለ ለጢንዚዛ አያንስም። ነገር ግን ትምባሆ በእኔ እጅ? ያውም ለማርያም ስለት? ይህንኑ ለባለቤቴ ነገርኳት፤ ሰሌዳዋንም አስታወስኳት።

«ሰሌዳው የሚለው የሚጠጣ ከደጅ አይለፍ ነው» አለች። «ጽጌረዳዋ እዚሁ ግቢ ተወለደች። በየት ደጅ አለፈች?»

ሕግ እንዲህ ሲተረጎም አልወድም። ቢሆንም ተነሥቼ ሄድኩ።

ትምባሆ የሚሸጠው ማዕዘኑ ላይ ያለ የሐረር ሰው ነው። በደጁ ባለፍኩ ቁጥር ገሥጬዋለሁ፤ እሱም እኔን ሲያይ ሲጋራውን በጀርባው ደብቆ ሰላም ይለኛል። ያን ቀን ቅጠል ስጠኝ ስለው እጁ ጀርባው ላይ እንዳለ ቀረ።

«ጌታው፣ ሰሌዳዋ ወደቀች እንዴ?»

«አልወደቀችም። ለጢንዚዛ ነው።»

«ሁሉም ሲጀምር እንዲህ ነው» አለ። «አንዱ ለጥርሴ ነው ይላል፣ ሌላው ለብርዱ። ለጢንዚዛ ያሉኝ ግን እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት።»

ቅጠሉን ኮቴ ሥር ልሸሽገው አሰብኩ። የሸሸጉት እውነት ከውሸት አይለይም ብዬ በእጄ ይዤው ሄድኩ። መንደሩ ሁሉ አየኝ። አንዳንዱ ቆሞ አየኝ።

ቅጠሉን ዘፍዝፈን አሳደርነው። ባለቤቴ በጨርቅ አጠለለችው፤ ቅጠል ላይ እንዲይዝ ብላ ትንሽ ሳሙና ጨመረችበት። በዘንባባ መጥረጊያ ረጨነው፤ የተረፈውን ሥሯ ላይ አፈሰስነው። አመሻሽ ላይ ጢንዚዛዎቹ እየጮኹ መጡ፣ ቀመሱ፣ ወደቁ። በማግስቱ ጥቂት መጡ፤ ከዚያ ወዲያ ቀሩ። እንቡጧ ለማኅበሩ ጠዋት ፈነዳች፤ ቀይ ናት።

ማኅበርተኛው ተሰበሰበ። ባለቤቴ ጽጌረዳዋን ቆርጣ በሥዕሉ ፊት አኖረች። ጠበሉ ከተቀመሰ በኋላ የማኅበሩ ቄስ፣ ደግ ሽማግሌ ናቸው፣ ሊያሸቱ ጎንበስ አሉ። አፍንጫቸውን ነፉ። ደግመው አሸተቱ። ከዚያ ወደ ደጁ፣ ወደ ሰሌዳዋ ተመለከቱ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «በዚህ ቤት ትምባሆ የሚጠጣ ማነው?»

ባለቤቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። የስለቱ ነገር በአንድ ቃል ሊበላሽ መሰለኝ፤ ግን በማርያም ፊት አልዋሽም።

«አባቴ፣ እሷ ናት» አልኩና ጽጌረዳዋን አሳየኋቸው።

ነገሩን ከበቅሎዋ ጀምሬ ነገርኳቸው። የባሕሩንም ውኃ አልተውኩም። ቄሱ ሳቃቸውን ለመያዝ ጢማቸውን ጨበጡ፤ ማኅበርተኛው ግን የሚይዘው አልነበረውም። ቄሱም ቅጠሉንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነው፤ አጥፊው አፋችን ነው አሉ። ከዚያ ወደ ባለቤቴ ዞረው «ስለትሽ ሠምሯል» አሏት። ጽዋዋን ስታነሣ ያየሁትን ፊቷን እስካሁን አልረሳሁትም።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ፣ በሰሌዳዋ ላይ ከእኔ ጽሑፍ ሥር በከሰል «ከፅጌረዳ በቀር» የሚል ተጨምሮ አገኘሁ። የማን እጅ እንደሆነ ፊደሉ ተናገረ። ጨርቅ አርጥቤ መጣሁ፤ ሰሌዳዋ ፊት ቆምኩ። ከዚያ «ፅ»ን ብቻ ጠርጌ በ«ጽ» ተካሁት፤ የቀረውን እንዳለ ተውኩት።